60.00 ሲል ጤነኛ፣ 59.93 ሲል ታማሚ፦ የአንድ ሚዛን ጉዳይ ከድሬዳዋ

ለምን ጻፍኩት

ይህ ጉዳይ ያጋጠመኝ ድሬዳዋ፣ አንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሁላችንም የሚዛን ችግር መስሎን ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ግን ማንም ባልጠረጠረው ቦታ ነው። ቁጥርን ወደሚነበብ አኃዝ በሚቀይሩ ጥቂት የኮድ መስመሮች ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በትንንሽ ቺፖች ላይ ኮድ የሚጽፉ ልጆች በከተማችን እየበዙ ነው። እኛ ሦስት ሳምንት የፈጀብንን ነገር እነሱ በአንድ ቀን እንዲያልፉት ብዬ መዘገብኩት። ባለጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ዳራ

የሐረርጌ ቡና አብዛኛው በጀንፈል ደርቆ የሚዘጋጅ ነው። ድሬዳዋ ሲደርስ ይበጠራል፣ በሴቶች እጅ ይለቀማል፣ ከዚያ በ60 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ በጅቡቲ በኩል ይወጣል። ይህ መጋዘን ሁለት ሚዛን አለው። አንዱ ለንግድ የሚሠራው፣ ተመርምሮ የታሸገው ነው። ሁለተኛው ለውስጥ ክትትል ብቻ ነው። ጆንያው ከመደርደሩ በፊት እዚያ ላይ አንዴ ይቀመጣል፣ ሒሳብ ያዥዋ ቁጥሩን ትመዘግባለች።

ሁለተኛውን ሚዛን የሠራው ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀ ልጅ ነው። እጁ ንጹሕ ነው፤ ብየዳውን ሳየው ደስ አለኝ። ውስጡ ያለው ኤቲሜጋ328ፒ የሚባለው ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው።) 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማህደር እና 2 ኪሎባይት ራም አለው። እዚህ ቦርድ ላይ የሚሠራው ሥራውን በምት በሚመራው ውስጣዊ ክሎኩ፣ በ8 ሜጋኸርትዝ (በሰከንድ 8 ሚሊዮን ምት) ነው። ክብደቱን ከሚሸከመው መለኪያ፣ ከሎድ ሴሉ የሚመጣውን ጥቃቅን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤችኤክስ711 የተባለው ባለ 24 ቢት ቺፕ ነው፤ በሰከንድ 10 ንባብ ይሰጣል። ክብደቱ የሚታየው በባለ 6 አኃዝ ሰቨን ሴግመንት ማሳያ ላይ ነው።

ማሳያው ስድስቱን አኃዝ በአንድ ጊዜ አያበራም። አንድ በአንድ፣ ዓይን እንዳይለየው በፍጥነት ያበራል። ለዚህ በየ2 ሚሊሰከንዱ አንድ የታይመር ኢንተራፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ የሚገባ አጭር ሥራ) ይነሳል። ዋናው ፕሮግራም ምንም እየሠራ ቢሆን ቆም ይላል፣ ኢንተራፕቱ አንድ አኃዝ አብርቶ ይመለሳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ችግሩ

ሚዛኑ አልፎ አልፎ ይዘል ነበር። 60.1 ኪሎ ያለው ጆንያ ላፍታ 60.6 ይላል፣ ይመለሳል። ከሃያ ጆንያ አንዱ ወይም ሁለቱ ላይ ይታያል። ሒሳብ ያዥዋ በዘለለበት ቅጽበት ካነበበች ስህተቱ ደብተር ላይ ይገባል።

የመጋዘኑ ባለቤት የተከበሩ ሐጂ ናቸው። ወደ ሱቄ ራሳቸው መጥተው «ልጄ፣ ሚዛን ከዋሸ ምን ቀረ? እሱን ወይ አስተካክሉት ወይ ይነሳልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ የሞከርነውና ያልሠራው

ሙቀቱን ጠረጠርን። ድሬ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ምጣድ ይግላል። ነገር ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ቀዝቀዝ ባለበትም ሚዛኑ ዘለለ። ቀጥሎ መብራቱን ጠረጠርን። ከባትሪ አሠራነው፤ ዘለለ። ሎድ ሴሉን ቀየርን። ገመዱን በሽፋን ጠቀለልን። ይህ ሁሉ ገንዘብና ሁለት ሳምንት በላ።

ልጁ በመሃል የ16 ንባብ አማካይ የሚወስድ ኮድ ጨመረ። ይህ ነገሩን አባሰው። አንድ መጥፎ ንባብ ስምንት ኪሎ ቢሳሳት አማካዩ ግማሽ ኪሎ ያደርገዋል። ዝላዩ አነሰ፣ ግን ረዘመ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የስህተቱን ቅርጽ ደበቀብን።

ፍንጩ የመጣው ከሒሳብ ያዥዋ ነው። የሁለቱን ሚዛኖች ድምር በየቀኑ ታነጻጽር ኖሯል። «አቦ፣ እኔ ቴክኒኩን አላውቅም። ግን ይሄ ሚዛን ሲሳሳት ሁሌ ወደ ላይ ነው። ወደ ታች ተሳስቶ አይቼው አላውቅም» አለችን። ሙቀትም ሆነ የመብራት መዋዠቅ እንዲህ አያዳላም። ያኔ ነው ከሽቦው ተነስተን ወደ ኮዱ የዞርነው።

ጥሬውን ቁጥር ማየት

አማካዩን አነሳን። ከኤችኤክስ711 የሚመጡትን ሦስት ባይቶች ወደ ጽሑፍ ሳንቀይር፣ እንዳሉ ወደ ላፕቶፕ ላክን። እዚያ በዜሮና በአንድ አስቀምጠን አየናቸው።

ጥሩዎቹ ንባቦች የቀኝ ጫፋቸው የተደበላለቀ ነው፤ ዜሮም አንድም አለ። መጥፎዎቹ ግን የሚደንቅ መልክ ነበራቸው። የግራው ክፍል ትክክል ነው። ከሆነ ቦታ ጀምሮ ግን እስከ ቀኝ ጫፍ ድረስ ሁሉም 1 ነው። አንዱ 12 አንድ፣ ሌላው 15፣ ሌላው 17 በተከታታይ። የታችኞቹ ቢቶች በሙሉ 1 ሲሆኑ ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሒሳብ ያዥዋ ያየችው ይህንን ነበር።

መልሱ የቺፑ ዳታሺት፣ ማለትም አምራቹ የሚያወጣው መግለጫ ውስጥ አለ። ኤችኤክስ711 ቢቶቹን የሚሰጠው ማይክሮኮንትሮለሩ የክሎክ ፒኑን (ምት የሚሰጥበትን የቺፑን እግር) ከፍ ዝቅ ባደረገ ቁጥር አንድ በአንድ ነው። ፒኑ ከፍ ብሎ ከ60 ማይክሮሰከንድ በላይ ከቆየ ግን ቺፑ «ተኛ» የተባለ ይመስለዋል። ኃይሉን ይዘጋል። ፒኑ ሲወርድ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ንባብ እስኪያዘጋጅም የዳታ ፒኑን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከፍ ማለት 1 ማለት ነው። የቀሩት ቢቶች ሁሉ 1 ሆነው የተነበቡት ለዚህ ነው።

ታዲያ ፒኑን ከፍ አድርጎ ያቆየው ማን ነው? ኢንተራፕቱ። ዋናው ፕሮግራም ፒኑን ከፍ ባደረገበት ቅጽበት ታይመሩ ከደረሰ፣ ኢንተራፕቱ ጨርሶ እስኪመለስ ፒኑ እንደተሰቀለ ይቆያል። ኢንተራፕቱ ሲገባ ሌላ ፒን እንዲያበራ፣ ሲወጣ እንዲያጠፋ አድርገን የቮልቴጅን ለውጥ በጊዜ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፕ ለካነው። 490 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነበር። ግማሽ ሚሊሰከንድ፣ በየ2 ሚሊሰከንዱ። የማይክሮኮንትሮለሩ ሩብ ዕድሜ የሚያልቀው አንድ አኃዝ በማብራት ላይ ነበር ማለት ነው።

ጊዜው የት ሄደ

ልጁ በየኢንተራፕቱ ክብደቱን በግራም ወስዶ፣ ለ10 እያካፈለ፣ ቀሪውን እየያዘ ስድስቱንም አኃዝ ያወጣ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሰጠው መንገድ ይህ ነው፤ ኮዱም ትክክል ነው። ጣጣው ቺፑ ማካፈል አለመቻሉ ነው። ኤቲሜጋ328ፒ ባለ 8 ቢት ማባዣ በውስጡ አለው፣ በ2 የክሎክ ምት ይጨርሳል። ማካፈያ ግን የለውም። «ለ10 አካፍል» ሲባል ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ኮድ ወደ ቺፑ ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) አንድ የማካፈያ ንዑስ ፕሮግራም ይጠራል። እሱም በወረቀት ላይ ረጅም ማካፈል እንደምንሠራው ያደርጋል፤ ያንሸራትታል፣ ያነጻጽራል፣ ይቀንሳል። ለባለ 32 ቢት ቁጥር ይህንን 32 ጊዜ ይደግማል።

ይህ በጥቅሉ 600 ገደማ የክሎክ ምት ይፈጃል። በ8 ሜጋኸርትዝ 75 ማይክሮሰከንድ ነው። ልብ በሉ፤ አንዲት ማካፈል ብቻዋን 60ውን ታልፋለች። ስድስት ሲሆኑ 450። የቀረው ወደ 35 የሚሆነው ማሳያውን መንዳት ነው።

ልጁ ክሎኩን ወደ 16 ሜጋኸርትዝ እናሳድገው አለ። ክሪስታል ጨምረን 16 ብናደርሰው እንኳ ከ240 በታች አይወርድም። ተውነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው ከኮድ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነበር። ሚዛኑ ግራም ለምን ይቆጥራል? ለጆንያ ግራም ማንም አይፈልግም። አሃዱን ወደ 10 ግራም ቀየርነው። ከፍተኛው 150 ኪሎ፣ ከ150,000 ወደ 15,000 ወረደ። ይህ ቁጥር እስከ 65,535 በሚይዘው 16 ቢት ውስጥ በደንብ ይገባል። አኃዙም ከ6 ወደ 5 ቀነሰ። ምንም ብልሃት ሳይገባበት ሥራው ከግማሽ በታች ሆነ።

ቀጥሎ ማካፈልን በመቀነስ ተካን። ዘዴው አሮጌና ቀላል ነው። ከቁጥሩ ላይ 10,000 ስንት ጊዜ ይቀነሳል? ያ የመጀመሪያው አኃዝ ነው። ከቀረው ላይ 1,000 ስንት ጊዜ? ከዚያ 100፣ ከዚያ 10። የመጨረሻው ቀሪ ራሱ አኃዝ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። በማካፈል አኃዞቹ ከኋላ ወደ ፊት ስለሚወጡ መገልበጥ አለባቸው፤ በመቀነስ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይወጣሉ።

መጋዘን ሄደን ጫንነው። 60 ኪሎ አስቀመጥን፣ ግማሽ ቀን አየነው። ዝላይ የለም። ልጁ ፈጢራ ሊጋብዘኝ ተነሳ።

በማግስቱ ሒሳብ ያዥዋ ደወለች። «ተመልሷል። ግን አሁን የሚዘለው ጆንያው ትንሽ ሲጎድል ነው» አለች።

አላመንኩም። ሄድን። ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካኖች በውሃ ሞልተን፣ እየጨመርንና እየቀነስን 60.00 ላይ አቆምነው። ጥሬ ንባቡን ተከታተልን፤ ንጹሕ። አንድ ሲኒ ውሃ ቀዳን። 59.93 አለ። ጥቂት ቆይቶ የቀኝ ጫፉ በሙሉ 1 የሆነ ንባብ መጣ። ሲኒውን መለስን፤ ጠፋ። እንደገና ቀዳን፤ መጣ።

ነገሩ ሲገባኝ ቁጭ አልኩ። በመቀነስ ዘዴ የሚፈጀው ጊዜ በቁጥሩ ላይ ይወሰናል። 60.00 ማለት 6,000 ነው፤ ከሺዎቹ 6 መቀነስ፣ ከዚያ ምንም። 59.93 ማለት 5,993 ነው፤ 5፣ 9 እና 9 መቀነስ። 6 ከ23 ጋር። በኦሲሎስኮፑ ስናይ ኢንተራፕቱ ለ60.00 ወደ 50 ማይክሮሰከንድ፣ ለ59.93 ወደ 67 ይፈጅ ነበር። የ60 ማይክሮሰከንዱ ገደብ በሁለቱ መሃል ነው። እኛ ደግሞ የፈተንነው በ60 ኪሎ ድፍኑ ብቻ ነበር። ከሁሉም ክብደት ለዘዴው በጣም የሚመቸውን መርጠን ማለት ነው።

ስለዚህ ለሁሉም ቁጥር እኩል ጊዜ የሚፈጅ ዘዴ ፈለግን። ማካፈል በሌለበት ቺፕ ላይ ማባዛት አለ። ለ10 ከማካፈል ይልቅ በ52,429 ማባዛትና ውጤቱን 19 ቢት ወደ ቀኝ ማንሸራተት ይቻላል። 19 ቢት ወደ ቀኝ ማንሸራተት ለ524,288 (19 ሁለቶች ሲባዙ ለሚሰጡት) ማካፈል ነው፤ 52,429 ለዚህ ሲካፈል ከአንድ አሥረኛ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ያች ትርፍ ከ0 እስከ 65,535 ባለው ቁጥር ሁሉ ላይ መልሱን አታበላሽም። ይህን መንገድ ለማንኛውም ቋሚ አካፋይ በሥርዓት ያስቀመጡት ቶርብዮርን ግራንሉንድ እና ፒተር ሞንትጎመሪ ናቸው፣ በ1994 እ.ኤ.አ.። ዛሬ የኮምፒውተር ኮምፓይለሮች ሳንጠይቃቸው ያደርጉታል። በእኛ ቺፕ ላይ ግን ለባለ 32 ቢቱ ግራም አላደረገውም።

አኃዞቹን ማውጣት ለማንኛውም ክብደት ወደ 22 ማይክሮሰከንድ ሆነ። ከማሳያው 35 ጋር 57። ልጁ «ከ60 በታች ገባን!» ብሎ ጨበጠኝ።

እኔ አልተስማማሁም። የዚህ ቺፕ ውስጣዊ ክሎክ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ በሙቀትም ይንሸራተታል። 57 ላይ 10 በመቶ ጨምሩበት፣ 60ን ያልፋል። ጠረጴዛ ላይ የሠራ ሚዛን ቆርቆሮ ሥር ዳግም ሊታመም ነው። በ3 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ሐጂን «ተስተካክሏል» ልላቸው አልቻልኩም።

የመጨረሻው እርምጃ መቀየሩን ከኢንተራፕቱ ማውጣት ነበር። ክብደቱ በሰከንድ የሚለወጠው ቢበዛ 10 ጊዜ ነው። እኛ ግን በሰከንድ 500 ጊዜ ስንቀይረው ኖረናል፣ ያንኑ ቁጥር። አሁን ዋናው ፕሮግራም አዲስ ንባብ ሲመጣ አንዴ ብቻ ይቀይራል፣ የሚበሩትን መስመሮች በአምስት ባይት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ኢንተራፕቱ አንዱን ባይት አንስቶ ያበራል፣ ይሄዳል። 35 ማይክሮሰከንድ። በተጨማሪ የኤችኤክስ711 ክሎክ ከፍ በሚልባት አንድ ሁለት ማይክሮሰከንድ ኢንተራፕቱን ዘጋነው። ማሳያው ላይ ይህ አይታወቅም።

ሌላም ትንሽ ነገር አደረግን። ሚዛኑ የጆንያ ብዛትም ይቆጥራል። ይህ ቁጥር በአንድ በአንድ ብቻ ነው የሚጨምረው። እሱን ከመጀመሪያውም በአኃዝ አስቀመጥነው፣ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ። 9 ሲሞላ ወደ 0 ይመለሳል፣ ጎረቤቱ በ1 ይጨምራል። የሚቀየር ነገር የለም። በ1940ዎቹ የተሠራው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተርም እንዲሁ ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች ነበር የሚቆጥረው። እንደ ዜድ80 እና 8051 ያሉት የቆዩ ቺፖችም ለዚህ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አላቸው። የእኛው የለውም፣ ግን በጥቂት መስመር ይጻፋል።

በፈተና የተያዘው ስህተት

የማባዛቱን ዘዴ ስንገባ ልጁ መጀመሪያ የወሰደው 52,429ን አልነበረም። በ205 ማባዛትና 11 ቢት ማንሸራተትን ነበር። ይህም ትክክለኛ ዘዴ ነው፣ ግን ለትንንሽ ቁጥር። ጥቂት ቁጥር ሰጥቶ ሞከረው፣ ሠራ።

ከ0 እስከ 65,535 ያለውን ሁሉ ከተራው ማካፈል ጋር እናነጻጽር አልኩት። በላፕቶፑ ላይ መጀመሪያ የተሳሳተው 1,029 ላይ ነው። 102 ማለት ሲገባው 103 አለ። ቀሪው ከዜሮ በታች ሆነ። ይህ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ለየፊደሉና ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው የአስኪ ሰንጠረዥ ከ«0» በፊት ያለውን ምልክት፣ «/»ን ይሰጣል። ቢታተም «10.29» ማለት ሲገባው «10.3/» ይላል ማለት ነው።

ያንኑ ፈተና በቺፑ ላይ ስናሠራው ደግሞ 320 ላይ ተሳሳተ። ለምን? ላፕቶፑ ላይ ማባዛቱ በ32 ቢት ይሠራል። ቺፑ ላይ መደበኛው ቁጥር 16 ቢት ነው። 320 በ205 ሲባዛ 65,600 ይሆናል፣ ከ65,535 ይፈስሳል። ልጁ በእጁ የሞከራቸው ቁጥሮች ሁሉ ከ320 በታች ነበሩ። ሁሉንም ቁጥር በቺፑ ላይ መፈተን ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የፈጀው።

ውጤቱ

ሌሊቱን ሙሉ ጥሬ ንባቡን መዘገብን። ያ የ1 ጭራ አንድም ጊዜ አልታየም። የ16ቱን ንባብ አማካይ በአራት ንባብ አማካይ ተካነው፤ ሚዛኑ አሁን ቶሎ ይረጋል። ሒሳብ ያዥዋ ለሁለት ሳምንት ከታሸገው ሚዛን ጋር አነጻጸረች። ልዩነት አሁንም አለ፣ ትንሽ። ግን አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች ነው። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ለራሴ የያዝኩትን ልጻፍ። የመለኪያ መሣሪያ ሲሳሳት ስህተቱ ወደየት እንደሚያደላ አሁን ከሁሉ በፊት እጠይቃለሁ፤ መሣሪያውን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ያውቀዋል። አማካይ የምጨምረው ጥሬውን ካየሁ በኋላ ብቻ ነው።

ኮድ አፍጥን ስባል መጀመሪያ የምቆጥረው ሥራው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደረግ ነው። ከዚያ ቁጥሩ ስንት ቢት ቢሆን እንደሚበቃ አያለሁ። ዘዴ መምረጥ ሦስተኛ ነው። የጊዜ ገደብ ባለበት ቦታ ደግሞ የምለካው ረጅሙን ጊዜ የሚፈጀውን ቁጥር ሰጥቼ ነው፤ ለመቀነስ ዘዴ ብዙ 9 ያለበትን።

ያሳለፍነው ሥራ ግን ከንቱ አልሆነም። መጋዘኑ አሁን የቲኬት ማተሚያ ሊጨምር ነው። ልጁ አዲሱን ቦርድ ኮርቴክስ ኤም0 በሚባል ሌላ ማይክሮኮንትሮለር እየሠራው ነው። ባለ 32 ቢት ቺፕ ነው፣ ግን እሱም የማካፈያ ትእዛዝ የለውም። ሲያባዛም የሚሰጠው የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ነው። ትናንት መጥቶ የእኛ 52,429 እዚያ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። አብረን አሰላነው። ትልቁ 65,535 በ52,429 ሲባዛ 3,435,934,515 ነው፤ 32 ቢት ደግሞ እስከ 4,294,967,295 ይይዛል። የፕላስና የማይነስ ምልክት በሌለው ቁጥር ይገባል፤ ምልክት ባለው ይፈስሳል። ሁሉንም ቁጥር በቺፑ ላይ ሊፈትን ቦርዱን ይዞ ሄዷል።